ልኬቱ የማይገጥም ፕላን ለግንበኛ አይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት ግንባታ በጋዜጣችሁ በተጻፈ ቁጥር የሲሚንቶውና የፌሮው ዋጋ፣ የኮንትራክተሩ መዘግየት፣ የፈቃዱ ውጣ ውረድ ይነሣል፤ ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቂሊንጦና በየካ አባዶ አካባቢ በግለሰቦችና በቤት ማኅበራት የሚሠሩ ቤቶችን ለብዙ ዓመታት ስቆጣጠር የቆየሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ሲበላና ባለቤትን ከግንበኛ ሲያጣላ የማየው፣ በጋዜጣ ሲነሣ ግን አንብቤው የማላውቅ አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም በወለል ፕላን ላይ የሚሰፍረው ልኬት ነው። ፕላኑ በኮምፒውተር ተነድፎ፣ በቀለም አምሮ፣ ማኅተም ተመቶበት ይመጣል፤ ልኬቶቹ ግን እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፣ ወይም ከየት እስከ የት እንደተለኩ አይታወቅም፣ ወይም ግንበኛው የሚፈልገው ልኬት ጭራሽ አልተጻፈም።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በፕላን ላይ የሚሰፍር እያንዳንዱ ቁጥር የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ራሱ ከተነደፈው ግድግዳ ላይ ለክቶ ያወጣው እንጂ ድራፍትማኑ፣ ማለትም ፕላኑን የሚነድፈው ባለሙያ፣ በእጁ የጻፈው መሆን የለበትም፤ ከየትኛው የግድግዳ ፊት እስከ የትኛው እንደተለካም በወረቀቱ ላይ በግልጽ መታወቅ አለበት። ይህን ያላሟላ ፕላን ፈቃድ ሊያገኝም ሆነ ወደ ግንባታ ቦታ ሊላክ አይገባም።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ አጋጣሚ ልጥቀስ። በቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት በዓረብ አገር ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ጂ ፕላስ አንድ ቤት ያስጀምራሉ። በምድር ወለሉ ፕላን ላይ በፊት ለፊት በኩል ሦስት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ልኬታቸው በተራ 3.80፣ 4.40 እና 3.60 ሜትር ይላል። ከበላያቸው ባለው መስመር ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ርዝመት ግን 11.60 ነው፤ ሦስቱን የደመረ ሰው ደግሞ የሚያገኘው 11.80 ነው። ፎርማኑ ሲባጎ ወጥሮ ማዕዘን ሲያወጣ ልዩነቱን አየና ስልክ ደወለ፤ ፕላኑን የሠራው ወጣት አላነሣም። የቀን ሠራተኞቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቢቆፍሩም ባይቆፍሩም የቀን ሒሳባቸው ይታሰባል። ፎርማኑ ትልቁን ቁጥር መርጦ በ11.80 አስቆፈረ።

የስትራክቸር ሥራውን፣ ማለትም የመሠረቱንና የኮለኑን ንድፍ፣ የሠራው መሐንዲስ ዘግይቶ ሲመጣ የእርሱ ወረቀት 11.60 እንደሚል ታወቀ። በዚያን ጊዜ በአንደኛው ጎን ያሉት ፉቲንጎች፣ ማለትም የኮለኖቹ የኮንክሪት መሠረቶች፣ ተሞልተው የኮለን ፌሮ ቆሟል። እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ፎርማኑ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አቧራውን በመዳፉ ከጠረገ በኋላ «ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ራሱ ሁለት ነገር ይናገራል፤ እኔ የትኛውን ልመን?» አለኝ። እናቲቱ በበኩላቸው «ልጄ፣ ፕላኑ እኮ ማኅተም አለው» እያሉ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተሞላው ፉቲንግ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ወጪውንም የከፈሉት ከሁሉም ይልቅ ጥፋት የሌለባቸው እናት ናቸው።

የኮምፒውተር ፋይሉን አስመጥቼ ስከፍተው የተፈጠረው ነገር ወዲያው ታየኝ። እናቲቱ ሳሎኑ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋላቸው ጠይቀዋል። ድራፍትማኑ ግድግዳውን ቢያንቀሳቅስ በሮቹንና መስኮቶቹን፣ የላይኛውን ወለልና ደረጃውን ሁሉ ማስተካከል ይኖርበታል። ስለዚህ 4.20 በሚለው ልኬት ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ 4.40 ብሎ ጻፈ። ግድግዳው ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ጠቅላላ ርዝመቱም ትክክለኛውን 11.60 እንደያዘ ቀረ። በላይኛው ወለል ፕላን ላይ ያው ክፍል አሁንም 4.20 ነበር፤ የስትራክቸር መሐንዲሱም ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ፋይል ላይ አክሲሶቹን፣ ማለትም ኮለኖቹ የሚቆሙባቸውን መስመሮች፣ ወስዶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮግራሞቹ አሠራር ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ስሕተት የሚወለደውም የሚድነውም እዚያው ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውና እስከ ዛሬ በየቢሮው የሚሠራበት አውቶካድ የተባለው የመንደፊያ ፕሮግራም ለነዳፊው ብዙ ነፃነት ይሰጣል። ልኬት ሲቀመጥ «ዲምአሶክ» የሚባለው ቅንብር 2 ላይ ከሆነ ልኬቱ ከግድግዳው መስመር ጋር ይተሳሰራል፤ መስመሩ ሲሳብ ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል። ቅንብሩ 1 ላይ ከሆነ ልኬቱ አንድ አካል ሆኖ ይቀመጣል፣ ግን ከግድግዳው ጋር አይያያዝም። 0 ላይ ከሆነ ደግሞ የሚገኘው ልኬት ሳይሆን የተበታተኑ መስመሮችና ጽሑፍ ብቻ ነው። «ኤክስፕሎድ» የሚለው ትእዛዝም የተሳሰረውን ልኬት ወደዚሁ ይመልሰዋል፤ በኤክስፕሎድ የተበተነ ልኬት የያዘ ፋይል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ግድግዳው የት ሄዶ ቁጥሩ የት እንደቀረ የሚያውቅ አይኖርም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በተለካው ቁጥር ላይ ሌላ ቁጥር መደረብ ነው፤ የተደረበበት ልኬት በትክክል የተሳሰረ ቢሆንም እንኳ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ቢንቀሳቀስ የሚያሳየው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ይህን ማጋለጥ ከባድ አይደለም። ልኬቱን መርጦ የፕሮፐርቲስ ሰሌዳውን ያየ ሰው ፕሮግራሙ የለካውንና በላዩ የተጻፈውን አጠገብ ለአጠገብ ያገኛቸዋል፤ የተጻፈውን ሲያጠፋ እውነተኛው ቁጥር ይመለሳል። ይህን ፍተሻ ፋይሉን ለሌላ ሰው ከማስተላለፉ በፊት የሚያደርግ ድራፍትማን ግን ጥቂት ነው።

ሬቪት የሚባለው ሌላው የመንደፊያ ፕሮግራም በዚህ ረገድ ጠንከር ያለ ነው። በሬቪት ግድግዳ መስመር ሳይሆን ግድግዳ ነው፤ ውፍረቱን፣ ብሎኬቱንና ልስኑን ይዞ ይቀመጣል። ልኬቱ ከግድግዳው ጋር የታሰረ ስለሆነ ግድግዳው ሲሰረዝ ልኬቱም አብሮ ይጠፋል። ግድግዳውን መርጦ በልኬቱ ላይ አዲስ ቁጥር የጻፈ ሰው ቁጥሩን ሳይሆን ግድግዳውን ራሱን ያንቀሳቅሳል። ልኬቱን ብቻ መርጦ በተለካው ቁጥር ምትክ ሌላ ቁጥር ለመጻፍ ቢሞክር ፕሮግራሙ አይቀበለውም፤ መግለጫ ጽሑፍ ጻፍ እንጂ ቁጥር አትተካ ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ክልከላ የፕሮግራሙ ድክመት መስሏቸው የሚበሳጩ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ለማታለልም ከቁጥሩ ጋር የማይታይ ምልክት አብረው የሚያስገቡ አሉ። ክልከላው የተደረገው ለግንበኛው ሲባል መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። አርኪካድ በሚባለው ፕሮግራምም ቢሆን ልኬቱ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ሆኖ የሚቀመጥበት መንገድ ሞልቷል፤ ባለሙያው ሆን ብሎ ካላላቀቀው በቀር ፕላኑ ሲለወጥ ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል።

ማንም በእጁ ሳይነካቸው ድምራቸው የማይገጥም ልኬቶችም አሉ፤ ምክንያቱ ማጠጋጋት ነው። አንድ ነዳፊ ሦስት እኩል ክፍሎችን እያንዳንዳቸውን በ3.444 ሜትር ይነድፋል እንበል። ልኬቱ በሁለት አኀዝ እንዲታይ ከተደረገ እያንዳንዱ ክፍል 3.44 ይላል፤ ሲደመሩ 10.32 ይሆናሉ። ጠቅላላው መስመር ግን በትክክል 10.332 ስለሆነ 10.33 ብሎ ይታያል። አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ታመጣለች የሚል ይኖር ይሆናል። የምታመጣው ጥርጣሬ ነው፤ አንድ ጊዜ ድምሩ ያልገጠመለት ፎርማን ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር ሁሉ በጥርጣሬ ያነባል፣ በፕላኑ ፈንታም በራሱ ግምት መሥራት ይጀምራል። መፍትሔው ትርፍ አኀዞቹን መደበቅ አይደለም። ፕላኑ ከመጠናቀቁ በፊት ልኬቶቹ ለጥቂት ጊዜ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲታዩ ማድረግ፣ ትርፍ አኀዝ ያለበትን ግድግዳ ፈልጎ ግድግዳውን ራሱን በ5 ሴንቲ ሜትር ወደሚካፈል ልክ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት አኀዝ መመለስ ነው። ብሎኬታችን 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነገር ሆኖ ሳለ 3.444 ሜትር የሚል ክፍል መንደፍ በራሱ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ከሁሉም በላይ መነጋገር የሚገባን ግን ልኬቱ የሚነሣበትና የሚያርፍበት ቦታ ነው። አብዛኛው ጠብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለምሳሌ የመታጠቢያ ክፍል ስፋት 1.20 ሜትር ተብሎ ተጻፈ እንበል። ይህ ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ከሆነና ግድግዳዎቹ ባለ 15፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ብሎኬት ከሆኑ፣ ከብሎኬት እስከ ብሎኬት የሚቀረው 1.05 ሜትር ነው፤ ለሴራሚኩና ለሥሩ ለሚገባው ቡኬት በእያንዳንዱ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ ባለቤቱ የሚገቡበት ክፍል 99 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል። 1.20 ብለው የተስማሙ ባለቤት ሜትር ይዘው ገብተው 99 ሲያገኙ ግንበኛው ሰረቀኝ ይላሉ። ግንበኛው ደግሞ ወረቀቱን ያሳያል። የመኝታ ክፍሉም እንደዚያው ነው፤ ከመሀል እስከ መሀል 3.60 የተባለው ክፍል በባለ 20 ብሎኬት 3.40፣ በሁለቱም በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲለሰን 3.35 ይሆናል፤ ለ3.60 ተለክቶ የታዘዘ ቁም ሣጥን በበሩ ደርሶ ይመለሳል።

ደረጃው ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። እያንዳንዳቸው 1.20 የሆኑ መውጫና መመለሻ፣ በመካከላቸውም 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖር የታሰበበት የደረጃ ቤት ከግድግዳ ፊት እስከ ግድግዳ ፊት 2.50 ሜትር ያስፈልገዋል። ያ 2.50 ሳይታወቅ ከመሀል እስከ መሀል ከተለካ በባለ 20 ብሎኬት የሚቀረው 2.30 ነው፤ መውጫዎቹም ልስን ሳይነካቸው ወደ 1.10 ይወርዳሉ። ይህ የሚታወቀው የደረጃው ካሳፎርማ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) ሲመታ፣ ሶሌታው (የላይኛው ወለል ኮንክሪት) ከተሞላ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግድግዳውን ወዲያ ግፉት ማለት አይቻልም። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚረሳው የደረጃው ከፍታ ነው። የወለሉ ከፍታ 3.06 ሜትር ከሆነ 18 እርከኖች እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሯቸው እኩል ይካፈላሉ፤ ይህ ቁጥር በሴክሽኑ፣ ማለትም ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳየው ንድፍ፣ ላይ ካልተጻፈ አናጺው በግምት ያካፍልና የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው የሚደናቀፈውም እዚያ ላይ ነው።

በእኔ እምነት ለግንበኛ የሚሰጥ የወለል ፕላን ከውጭ በኩል ሦስት መስመር ልኬት ሊኖረው ይገባል፤ ለግድግዳው የሚቀርበው የመስኮቶችንና የበሮችን ቦታና ስፋት፣ መካከለኛው ከአክሲስ እስከ አክሲስ ያለውን ርቀት፣ የመጨረሻው ጠቅላላውን ርዝመት የሚናገር። በውስጥ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል በርዝመትም በስፋትም ካልተለሰነ የብሎኬት ፊት እስከ ብሎኬት ፊት መለካት አለበት፤ ግንበኛው የሚደረድረው ብሎኬት ነውና። ሴራሚክ በሚለበስበት ክፍልና የኩሽና ካቢኔት በሚገባበት ቦታ ላይ ግን ከፊኒሺንግ በኋላ የሚቀረው ልክ ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ይህን የሚፈልገው ሌላ ባለሙያ ነው። ሬቪት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ልኬት ሲቀመጥ ከግድግዳው መሀል፣ ከውጨኛው ፊት፣ ከብሎኬቱ መሀል ወይም ከብሎኬቱ ፊት እንዲይዝ የሚያስመርጥ ዝርዝር ከላይ ያወጣል፤ ማውሱ ግድግዳው ላይ እንዳለ የታብ ቁልፍ ሲነካም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ምርጫው ግን ትርጉም የሚኖረው ግድግዳው ብሎኬትና ልስን ተለይተው የተሠራ ሲሆን ነው። ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳን 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ነገር አድርጎ የነደፈ ሰው የብሎኬቱን ፊት ከየትም ሊያገኘው አይችልም።

ፕሮግራሙ በራሱ ልኬት እንዲያወጣ ማዘዝም ይቻላል። በሬቪት አንድን ሙሉ ግድግዳ መርጦ በላዩ ያሉትን በሮች፣ መስኮቶችና የሚገናኙትን ግድግዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስለካት፣ በአርኪካድም የቤቱን ዙሪያ በአንድ ትእዛዝ ማስለካት ይቻላል። ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻ ግን ሊሆን አይችልም። ማሽኑ አምስት ጊዜ የተደጋገመን ቁጥር አምስት ጊዜ ይጽፋል፣ በሩ ከማዕዘኑ የሚርቅበትን 10 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በሁለት መስመሮች መካከል ያጣብቀዋል። ስለ ልኬት አጻጻፍ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 129፣ አንድ ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጻፍ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሁለት ቦታ የተጻፈ ቁጥር ፕላኑ ሲለወጥ በአንዱ ቦታ ሳይታረም ሊቀር ይችላል።

የመለኪያ አሐዱም መጠቀስ አለበት። የሥነ ሕንፃው ወረቀት በሜትር፣ የስትራክቸሩ በሚሊ ሜትር፣ የበርና መስኮቱ ዝርዝር በሴንቲ ሜትር ተጽፎ በአንድ ጥራዝ ሲመጣ አይቻለሁ። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ ቀን የሚያነበው ግን አንድ ፎርማን ነው።

ወደ ኅትመቱ ልምጣ። ፕላኑ የሚነደፈው ለኤ1 ወረቀት በ1 ለ100 ነው፤ ወደ ዳር አካባቢ ግን የሚደርሰው በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ በአቅራቢያው ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ3 ተጨምቆ ታትሞ ነው። ኤ3 በርዝመቱም በወርዱም የኤ1 ግማሽ ስለሆነ 1 ለ100 የሚለው ጽሑፍ ባለበት ሆኖ ንድፉ 1 ለ200 ይሆናል። ያልተጻፈ ልኬት የፈለገ ግንበኛ ማስመሪያ አስቀምጦ ሲለካ የሚያገኘው የእውነተኛውን ግማሽ ነው፤ ሁኔታው የገባው ደግሞ በግምት ያባዛል። ለኤ1 በ2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት የተጻፈ ቁጥርም 1.25 ሚሊ ሜትር ይሆንና 3 ከ8፣ 5 ከ6 አይለይም፤ ወረቀቱ በሲሚንቶ ውኃ ሲርስማ ጭራሽ አይነበብም። ስለዚህ ወረቀቱ በመጨረሻ የሚታተመው በኤ3 መሆኑ እየታወቀ ለኤ1 መንደፍ ትርጉም የለውም። በሬቪት የልኬት ጽሑፍ ቁመት የሚወሰነው በወረቀት ላይ በሚኖረው መጠን ስለሆነ፣ በአውቶካድም አኖቴቲቭ የሚባለው አሠራር ይህንኑ ስለሚያደርግ፣ ከመጀመሪያው ለኤ3 የሚሆን ገጽ አዘጋጅቶ ፕላኑን በሁለትና በሦስት ወረቀት ከፍሎ ማውጣት የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ጎበዝ ፎርማን ይህን ሁሉ ቦታው ላይ ያስተካክለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ እኔም እንደዚያ ያሉ ፎርማኖችን አውቃለሁ፤ ብዙ ቤት የቆመው በእነርሱ ብልሃት ነው። ነገር ግን ፎርማኑ የሚያስተካክለው የሚያየውን ነው። በምድር ወለል ያስተካከለው 20 ሴንቲ ሜትር በላይኛው ወለል የሚያርፈውን ግድግዳ ከቢሙ ላይ እንደሚያወርደው፣ የፍሳሽ ቧንቧው የሚወርድበትን ቦታ እንደሚለውጥ፣ ቤቱን ከጎረቤት ወሰን ሊርቅ ከሚገባው ርቀት በታች እንደሚያስጠጋው ያን ዕለት ሊያውቅ አይችልም። ይህን እንዲያውቅ የተከፈለው ፕላኑን የሠራው ባለሙያ ነው።

ለድራፍትማኖቹም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በአነስተኛ ክፍያ፣ ዛሬ ታዞ ነገ ይድረስ በሚባል ጥድፊያ ይሠራሉ፤ ባለቤትም ሐሳቡን አሥር ጊዜ ይለውጥባቸዋል። የሠለጠኑባቸው አጫጭር ኮርሶችም ትልቁን ጊዜ የሚሰጡት ሦስት ዲ ምስል ለማሳመር ነው፤ ባለቤቱ በስልኩ የሚያየውና ለዘመድ የሚያሳየው ያንን ምስል ስለሆነ ገበያውም ወደዚያ ይገፋቸዋል። የፀሐዩ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ሲያንጸባርቅ የሚያሳይ ምስል ማውጣት የሚችል ልጅ የውጭ ልኬቶቹን ደምሮ ማመሳከር እንዳለበት ያስተማረው ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ማሠልጠኛ ማዕከላትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪው የሠራውን ፕላን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ ያ ሰው ደግሞ አንዳች ሳይጠይቅ በሜዳ ላይ በኖራ እንዲያሠምረው ቢያደርጉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ትምህርት ይገኝ ነበር።

ባለቤቶችም የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በስልካቸው ካልኩሌተር በእያንዳንዱ ጎን ያሉትን ትንንሽ ልኬቶች ደምረው ከጠቅላላው ጋር ያመሳክሩ፤ የምድር ወለሉን ጠቅላላ ከላይኛው ወለል ጋር፣ ሁለቱንም ከስትራክቸሩ ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ ፕላኑን አይቀበሉ። ከፍለው ያሠሩት ነውና ማፈር አይገባም። ለውጥ ሲጠይቁም የተለወጠው ፕላን በሁሉም ወለል መስተካከሉን በወረቀት ይዩ እንጂ «አስተካክየዋለሁ» በሚል የስልክ መልስ አይርኩ።

ዋናው አቤቱታዬ ግን ለክፍለ ከተሞችና ለወረዳዎች የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ፕላንን መርምሮ ፈቃድ መስጠት የሕንፃ ሹም ሥራ ነው። ምርመራው የቦታውን ካርታ፣ ከወሰን የሚራቀውን ርቀትና የባለሙያውን ማኅተም እንደሚያይ ሁሉ፣ የልኬቶቹ ድምር መግጠሙን፣ በየወለሉ ያሉት አክሲሶች መመሳሰላቸውን፣ የሥነ ሕንፃውና የስትራክቸሩ ወረቀት አንድ ቁጥር መናገራቸውን ቢያይ ለአንድ ተራ የመኖሪያ ቤት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ ጋር በእያንዳንዱ የወለል ፕላን ወረቀት ላይ ልኬቶቹ ከየትኛው የግድግዳ ፊት እንደተወሰዱ፣ በምን አሐድ እንደተጻፉና ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ መለካት እንደማይፈቀድ የሚገልጽ ማስታወሻ እንዲኖር ቢታዘዝ፣ የፕላኑ ፋይልም ልኬቶቹ ከግድግዳው ሳይላቀቁ ከወረቀቱ ጋር አብሮ እንዲቀርብ ቢደረግ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ችግር አብዛኛው ቁፋሮ ሳይጀመር ይያዛል።

ትልልቆቹ ሕንፃዎች አማካሪ መሐንዲስና ቋሚ ተቆጣጣሪ ስላላቸው ስሕተቱ ቢዘገይም የሚያየው ሰው ያገኛል። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የሚሠራው የግለሰብ ቤት ግን በፎርማኑና በወረቀቱ መካከል ማንም የለውም። ስለዚህ ይህ ምርመራ ሲጀመር ከእነዚህ ትንንሽ ቤቶች እንዲጀመር፣ ለዚህም በየወረዳው አንድ ልኬት ማንበብ የሚችል ባለሙያ እንዲመደብ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተቆጣጣሪ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ